ለጋሽ ኦቲስ የወረደ ሙሾ

ባለፈው ሳምንት ጣውላ ልገዛ ዴንተን ካለ እንጨት መሸጫ ገብቼ ነበር። ሠራተኛው መጋዙን አስነስቶ በጠየቅሁት ልክ ሲቆርጥልኝ የጥድ ሰጋቱራ ሽታ ድንገት መጣና ያዘኝ። እጄ ጋሪው ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ መጋዙን አጥፍቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ነገር በጋሪና በወረፋ መሀል እንዴት ብዬ ላስረዳው? ያን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት ከዳላስ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ በሚደረስበት፣ እነሱ ካውንቲ በሚሉት አንድ የገጠር ወረዳ ውስጥ ነው። የካውንቲው ስም ፍርድ ቤቱ ግንባር ላይ በትልልቁ ተጽፏል፤ እኛ ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርተነው አናውቅም። «ቀይ አፈር» ነበር የምንለው። «ለፋሲካ ቀይ አፈር እንሄዳለን?» ከተባለ ዳላስ ዳር ሜስኪት ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

ቤንዚን በጋሎን አራት ዶላር ገብቶ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ስለ ቤንዚን የሚያወራበት፣ ወዲያው ደግሞ ቤንዚኑ ረክሶ የሥራው ነገር የባሰበት ዘመን ነው። ስልኮቻችን ታጣፊ ነበሩ። አገር ቤት የምንደውለው ከእንጀራ መሸጫው በአምስት ዶላር የምንገዛትን ካርድ በሳንቲም ፍቀን ነው፤ ካርዷ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ብዙ ነው፣ እናቴ ጤናዬን ጠይቃ ሳትጨርስ ግን ታልቃለች። እኛ ሴቶቹ የኋላ ኪሱ የሚያብረቀርቅ ጂንስ እንለብሳለን፤ ወንዶቹ እስከ ጭናቸው የሚወርድ ነጭ ቲሸርት። የመኪናዬ ማጫወቻ አንዲት ሲዲ ውጦ አልመልስም ስላለ አንድ ሙሉ ዓመት አንድ ዘፋኝ ብቻ ሰማሁ። ዛሬም ያ ድምፅ ሲመጣ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። መገናኛችን ጎማ ቤቱና ዶናት ቤቱ የሚጋሩት ፓርኪንግ ነበር፤ ሥራ የያዘም፣ ከሥራ የወጣም፣ ሚስቱ ያኮረፈችውም እዚያ ይገኛል።

እኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ኤርፖርት ጋሪ ገፋሁ፣ መጋዘን ካርቶን አሸግሁ፣ ፓርኪንግ ቲኬት ቆረጥሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ቃል ሲመጣብኝ ያገኘሁት ነገር ላይ እጽፋለሁ። የእኔን ስንኝ ጎኑ ላይ ይዞ ወደ ኦሃዮ የተላከ ካርቶን አለ። ሰው ስሜ ውቢት መሆኑን ትቶ «ገጣሚዋ» ይለኛል፤ ማሾፍ እንደሆነ ይገባኝ ነበር፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

ቀይ አፈርን ያገኙልን ጋሽ መኮንን ናቸው። ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዱ ነበር፤ ለሠርግም ለጠብም የሚጠሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን መንገድ ተሳስተው ከሀይዌይ ወጡ፣ ከአጥር ጀርባ ሰንጋ አዩ፣ ፓርክ አድርገው ገቡ። ሲመለሱ ለቅርጫ የሚሆን በሬም ወዳጅም አግኝተው ነበር። የበሬው ባለቤት ሚስተር ኦቲስ ይባላሉ፤ ከሰባ ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ባርኔጣቸውን ለሴት ብቻ የሚያነሱ ጥቁር ገበሬ። በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ኦቲስ ሆኑ። እሳቸው ደግሞ ሁላችንንም «ካዝን»፣ የአጎት ልጅ እንደማለት፣ ይሉን ነበር። እኔን ሲያዩኝ፣ «ካዝን፣ አረማመድሽ ፍየል የጠፋበት ሰው አረማመድ ነው» ይሉኛል።

በየዓመት በዓሉ ዋዜማ እዚያ ተሰብስበን እናርዳለን። ሥጋው በየመደቡ ከተደለደለ በኋላ ዕጣውን የሚጥሉት ጋሽ ኦቲስ ነበሩ። የየሰዉን የመኪና ቁልፍ ባርኔጣቸው ውስጥ ይሰበስባሉ፣ ለሥጋው ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ኋላ ያቀብላሉ። ከእሳቸው በፊት ዕጣ የሚጥለው ሥጋ ከፋያችን ዘሪሁን ነበር፤ ሽንጡ ሁልጊዜ ለራሱ ስለሚደርሰው ወሬ አልጠፋም። ጋሽ ኦቲስ ከመጡ ወዲህ ሐሜቱ ቆመ፤ የዘሪሁንም ፊት ከሳ። ለእሳቸውም አንድ መደብ ይወጣል። «አያቴ ከሂብረን መንደር ሰዎች ጋር አሳማ ሲያርድ እንዲሁ ነበር የሚካፈሉት» ይሉን ነበር።

መንገዱን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የዳላስ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የሀብታሙንም የድሃውንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። ከሜስኪት ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ሜዳው ቀስ በቀስ መሸብሸብ ይጀምራል። መጀመሪያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም ጥድ፣ ከዚያ በግራም በቀኝም የጥድ ግድግዳ። መንገድ ለማውጣት የተቆረሰው ጉብታ አዲስ እንደተሠራ ሸክላ ቀይ ነው። ወንዙ ከታች ይተኛል፤ ሲሞላ ግጦሹን ይውጣል፣ ሲጎድል ደለል ትቶ ይሄዳል። ከተማዋ መሀል ፍርድ ቤቱ፣ ዙሪያውን ሱቆች፣ ግማሾቹ የተዘጉ። መግቢያዋ ላይ ያለው አረንጓዴ ታፔላ የሕዝቧን ብዛት ይናገራል፤ ሦስት አሃዝ ብቻ። ጋሽ ኦቲስ «እሱን አትመኑት» ይሉ ነበር። «የተቆጠረው እኔ ጥርስ ሳለኝ ነው።»

የካውንቲውን ታሪክ ያወሩን የነበረው በሬው ሲገፈፍ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ጥጥ ሊለቅሙ በባርነት የመጡ ናቸው። ነፃ ሲወጡ ሌላው የማይፈልገውን የወንዝ ዳር መሬት ቀስ እያሉ ገዙ፤ መንደሮቻቸውንም ቤተል፣ ሻይሎ፣ ሂብረን ብለው ሰየሙ። ከእኛው መጽሐፍ ቅዱስ የወጡት ቤቴል፣ ሴሎና ኬብሮን ናቸው፤ አጠራሩ ብቻ የነሱ ነው። እያንዳንዱ መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና የጥጥ መዳመጫ ነበረው። ባቡር መጣ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ተከተለው። ከዚያ ጥጡ አለቀ፣ ሐዲዱ ተነቀለ፣ መሰንጠቂያው ተዘጋ፣ ወጣቱ ፋብሪካ ወዳለበት ከተማ ጎረፈ። «ይሄ አገር ሦስት ጊዜ ሞቷል» ይሉ ነበር። «ሊቀብረው የመጣ ስላልነበረ ግን ተነሣ።»

አንድ ዓመት በቅዳሜ ሹር ጠዋት እንደ ልማዳችን ሄድን። ቢላውን ስለን፣ ሳፋውን፣ ፕላስቲኩን፣ በረዶውን ጭነን። ዘሪሁን መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንጥ ያወራል። ስንደርስ የብረቱ በር ላይ የደረቀ የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል። የጋሽ ኦቲስ ባለቤት ሚስ ኦፓል ከበረንዳው ቀስ ብለው ወርደው መጡ። ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ነገሩን።

«ስልኩን ከፍቼ ፈልጌያችሁ ነበር» አሉ። «ግን ሁላችሁም የተመዘገባችሁት ካዝን ተብላችሁ ነው። ካዝን፣ ካዝን፣ ካዝን። የትኛው የማን እንደሆነ በምን ልወቅ?»

እሳቸው ከእኛ ይልቅ ረጋ ብለው ነበር። ዳላስ አጠገብ ፕሌኖ ያለችው ልጃቸው ዴኒዝ ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው እንደሆነ፣ ለቤቱም ለግጦሹም እስከ መቃብሩ አጥር ድረስ ገዢ እንደተገኘ አጫወቱን። «እዚህ ማን ይመጣልሻል? ትለኛለች» አሉ፤ ወደ ባዶው መንገድ አዩ። «ምን ብዬ ልመልስላት?» ለመሄድ እንደማይፈልጉ ለማወቅ ሌላ ቃል አላስፈለገንም።

ስንመለስ ሬዲዮ የከፈተ አልነበረም። የሜስኪት መውጫ ላይ ስንደርስ ጋሽ መኮንን መሪውን እንደያዙ፣ «ለቅሶ ቤት ቢላ ይዘን ሄድን» አሉ። ያን ፋሲካ ሜስኪት ከሱፐርማርኬት በተገዛ ዶሮ ፈሰከ።

በበዓሉ ዕለት ማታ ዶናት ቤቱ ፓርኪንግ ተሰበሰብን። ጋሽ መኮንን ነገሩን ጨርሰውት ነው የመጡት፤ በሚቀጥለው እሑድ ሁላችንም ለቅሶ እንደርሳለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙሾውን አንቺ ታወርጃለሽ።»

«እኔ ጋሼ? እኔኮ የፍቅር ግጥም ነው የምጽፈው።»

«እሱንስ ማን አነበበው?» አለ ዘሪሁን። «ኦሃዮ ያለ ካርቶን ከፋች።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ መኮንን አልሳቁም። «ሙሾ ሟቹን በአገሩ ነው የሚያነሣው» አሉኝ። «የመንዝ ሰው ሲሞት መንዝ ይጠራል፣ የወሎ ሰው ሲሞት ወሎ። የሳቸው አገር የቱ ነው? በሬ ስናርድ በግማሽ ጆሮ የሰማነው አይበቃም። ሂጂና እወቂ።»

ሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ ሥር ያለ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴትዮ የድሮ ካርታ አሳዩኝ፤ ዛሬ ጥድ ብቻ ባለበት ቦታ የመንደር ስም እንደ ጥራጥሬ ተበትኗል። ከዚያ የከብት መኖ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ ነጭ ሰው ናቸው፤ የማን መሆኔን ጠየቁኝ። የኦቲስ ካዝን ነኝ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ ሳይስቁ፣ «ታስታውቂያለሽ» አሉኝ። የተቀቀለ ኦቾሎኒ በወረቀት ከረጢት ሰጥተው አስቀመጡኝ። ያ ሁሉ የመንደር ሰው የት እንደገባ ስጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። «እናንተ ካላችሁበት ነዋ። ዳላስ።»

ይህ ነገር መኪናዬ ውስጥ ድረስ ተከተለኝ። እኔ ያለሁበት አፓርታማ፣ የምሠራበት መጋዘን፣ የማልፍበት ድልድይ ከቀይ አፈር በተሰደዱ ሰዎች እጅም ተሠርቶ ይሆናል። እኛ ከሩቅ የመጣን ብቻ ስደተኞች ይመስለኝ ነበር። ለካ ዳላስ ሁለት ሰዓት ተነድቶ ከሚደረስ አገር በመጡ ስደተኞችም የተሞላች ናት፤ የነሱን አገር ስም የሚጠራ ብቻ ነው የጠፋው።

ከሰዓት በኋላ በካርታው እየተመራሁ ዞርኩ። ከሻይሎ አንድ የጭስ መውጫ ብቻ ቀርቶ ቆሟል። ሂብረን ምንም የለውም፤ ጫካው መሀል ግን አበባ በመስመር በቅሎ አገኘሁ፤ ሰው በሩ ላይ ተክሎት የሄደው ነው። የቤቱ ደጃፍ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከአበባው ይታወቃል። ቤተል ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑና መቃብሩ አሉ። ጋሽ ኦቲስ አዲሱ ቀይ ጉብታ ሥር ነበሩ። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ጥዱ ሲረጥብ ሽታው ይወጣል። እዚያ ቆሜ የመጀመሪያው ስንኝ መጣልኝ። መጻፊያ አልያዝኩም፤ እስከ ሜስኪት ድረስ እየደጋገምኩ ወሰድኩት።

እሑድ ተጓዝን። መኪናው ተከታትሎ ረዘመ። ለቅርጫው የማይመጡት ወይዘሮ ዘይነባና ባለቤታቸው ለለቅሶው መጡ፤ «ሥጋ ሌላ፣ ሞት ሌላ» ብለው። ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ንፍሮ በትልልቅ ድስት ይዘን። ደውሎ መሄድ እንደሚያስፈልግ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ለቅሶ ተደውሎ አይኬድም።

ብረቱ በር ላይ ዴኒዝ ቆማለች፤ ቢሮ እንደሚሄድ ሰው የለበሰች፣ ስልኳን ጨብጣ። የመኪናውን ርዝመት በዓይኗ ትከተላለች።

«መሬቱን ልታዩ ነው? ገዢ አግኝተናል» አለች።

ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አወለቁ። «ኖ ማም» አሉ በእንግሊዝኛቸው። «ልናለቅስ ነው።»

ከበረንዳው ላይ ሚስ ኦፓል «የኦቲስ ካዝኖች ናቸው፣ ክፈችላቸው» አሉ።

ገብተን ተቀመጥን። በረንዳው ሞልቶ ደረጃው ላይ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ። እንደ ወጋችን ዝም አልን። ዴኒዝ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ፣ ምን እንደምንፈልግ፣ ውሃ እንደምንጠጣ እየጠየቀች ከወዲያ ወዲህ ትላለች። በኋላ ደክሟት ወይዘሮ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጠች። ሚስ ኦፓል ንፍሮውን ዘገን አድርገው አኘኩ። አተሩን በጣታቸው ለይተው አዩና፣ «ጨው ቢጨመርበት የእናቴ ነው» አሉ።

ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን ወደ እኔ ላኩ። ተነሣሁ።

*ሻይሎን ብጠይቃት ወደ ቤተል አለች፣*
*ቤተልን ብጠይቃት ዝም ብላ አለቀሰች።*

የእኛ ሰዎች ደረታቸውን መታ መታ አድርገው ተቀበሉኝ። ሚስ ኦፓል ቀና አሉ። አማርኛው አልገባቸውም፤ ስሞቹ ግን ገብተዋቸዋል። ቀጠልኩ።

*ባቡሩም ሄደና፣ ጥጡም አለቀና፣*
*አገር አንድ ሰው ሆነ ኦቲስ ብቻ ቀረና።*

ወንዙን ጠራሁ፣ መዳመጫውን ጠራሁ፣ የሂብረንን አበባ ጠራሁ። ሚስ ኦፓል ወንበራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ጋም ስፕሪንግን ረሳሽው» አሉኝ። «የተወለደው እዚያ ነው።»

ጋም ስፕሪንግን ጨመርኩ። እሳቸው ሌላ ስም ወረወሩልኝ፣ እኔ ተቀብዬ በስንኝ መለስኩላቸው። ከዚያ የሰው ስም መጣ፤ የእናታቸው፣ የወንድማቸው፣ ጥጥ ስትለቅም ትዘፍን የነበረች አንዲት አክስት። አሁን ሚስ ኦፓል ያለቅሱ ነበር፤ ዴኒዝ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እናቷ ስታለቅስ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሚስ ኦፓል በሚጠሩት ስም ሁሉ ሕዝቡ ወደ በረንዳው የሚመለስ መሰለኝ።

ዴኒዝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሂብረን የት እንደሆነ ጠየቀች።

«ልጅ ሆነሽ በየእሑዱ እናልፍበት ነበር» አሏት እናቷ። «አባትሽ በጣቱ ያሳይሽ ነበር። አንቺ ትተኛለሽ።»

አመሻሽ ላይ ስንነሣ ሚስ ኦፓል መቼ እንደምንመጣ ጠየቁ። ጋሽ መኮንን እንደ ተራ ነገር «ለአርባው» አሉ። ዴኒዝ ከዚያስ ወዲያ አለች። ለሰማንያው። ከዚያስ? ለሙት ዓመቱ።

«እስከዚያ ቤቱ ይሸጣል» አለች ዴኒዝ።

ጋሽ መኮንን ደነገጡ። የምር ነበር የደነገጡት። «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ የሟች ቤት ይሸጣል እንዴ? የት እንቀመጣለን?»

«ይሄ ሕግ የት ነው የተጻፈው?»

«የትም» አሉ ጋሽ መኮንን።

ዴኒዝ እናቷን አየች፤ ደረጃው ላይ የተደረደሩትን ባዶ ድስቶች አየች። ሳቀች፤ የመረራት ሰው ሳቅ ነበር፣ መሀል ላይ ግን ተለወጠ። «እሺ» አለች። «ሙት ዓመቱ ይውጣ።»

ለአርባው ሄድን። ለሰማንያው ሄድን። ሙት ዓመቱን ለሰው እንዲመች ገፋ አድርገን ግንቦት ላይ አወጣነው፤ ቀኑ የበረደም የሞቀም አልነበረም፤ ለካ እነሱም በዚያው ወር ከያሉበት ተመልሰው መቃብራቸውን የሚያጸዱበት እሑድ አላቸው። ለዓመታት የመጡት እጅግ ጥቂት ሰዎች እንደነበሩ ሚስ ኦፓል ነገሩኝ። ዴኒዝ ግን ያን ዓመት ሙሉ ስትደውል ከርማለች፤ ከዳላስ፣ ከፎርት ወርዝ፣ ከካሊፎርኒያ መጡ። ገዢው የት እንደደረሰ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ግጦሹን ከእኛው መሀል ፍየል የሚያረቡ ባልና ሚስት ተከራይተው በሳምንቱ መጨረሻ ይመላለሱ ጀመር፤ በኋላም ጠቅልለው ገቡ። ሚስ ኦፓል በረንዳቸውን አልለቀቁም።

ዛሬ ዘጠናን አልፈዋል። ዴኒዝ ጡረታ ወጥታ የፕሌኖውን ቤት ሸጣ አብራቸው ነች። ጋሽ መኮንን ሻትሉን ትተዋል፣ ሽንጥ የሚያኝክ ጥርስም የላቸውም፤ ዘሪሁን ግን ዕጣ መጣሉን መልሶ ይዟል፣ ሐሜቱም ተመልሷል። ታፔላው ታድሶ ቁጥሩ እንደገና ቀንሶ አገኘሁት። አንድ ቀን አዝኜ ይህን ለሚስ ኦፓል ብነግራቸው፣ «ታፔላው የሚያድሩትን ነው የሚቆጥረው፣ ካዝን» አሉኝ። «አንቺ የሚመጡትን ቁጠሪ።»

ባለፈው ወር ዴኒዝ ደወለች። ባለፈው ግንቦት መቃብሩ ሲጸዳ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቆመው ዋሉ፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር ሠርተሽ መጨመር ትችያለሽ ወይ አለችኝ። ስንኝ እንጂ መዶሻ ታውቂያለሽ እንዴ ብላም አሾፈችብኝ። እሞክራለሁ አልኳት። እንጨት መሸጫው ውስጥ ያ ሽታ ይዞኝ የቆምኩት ለዚህ ነው። ልጁ ጣውላውን ሲጭንልኝ ይበቃኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። የሚመጡትን በልቤ ቆጠርኩና አንድ ጣውላ ጨምርልኝ አልኩት።